1964 ነው የተባለ ጃዝ ቤዝ፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ምን ይፈተሽ?

ዝቅ ያለ ድምፅ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካው ጊታር አምራች ፌንደር በ1964 ሠራው የተባለ፣ ጃዝ ቤዝ የሚሉት ቤዝ ጊታር ለሽያጭ ቀርቦልኝ ሐሳባችሁን ፈልጌ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሻጩ «ምንም ያልተነካ፣ ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል» ይለዋል፤ የጠራውም ዋጋ ይህንኑ ቃል ተማምኖ የተጠራ ነው። ከፎቶው እንደማየው ገላው ከመሃል ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር የሆነ ሰንበርስት ነው። ፒክጋርዱ (ገላውን ከጭረት የሚከላከለው ሽፋን) የኤሊ ቅርፊት የሚመስለው ዓይነት ሲሆን መቆጣጠሪያ ቁልፎቹ ሦስት ናቸው፤ በጣት ሰሌዳው ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ደብዘዝ ያለ የሸክላ ቀለም አላቸው። ከኋላ ያለው የአንገት ብረት ቁጥር በ«ኤል» ይጀምራል።

ሻጩ ዕቃውን በፊቱ ፈትቼ እንዳየው ፈቅዶልኛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ምን ልፍታ፣ ምንስ ልፈልግ? ደግሞም አንዱ ክፍል ተቀይሮ ወይም ተጠግኖ ቢገኝ ከዋጋው ላይ ምን ያህል መቀነስ ተገቢ ነው? በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ የሰማሁት ሁሉ እርስ በርሱ የሚቃረን ስለሆነ ከልምድ የምትናገሩ ካላችሁ እጠብቃለሁ።

ብሎን ፈቺ መለሰ፦

የጠቀሷቸው ውጫዊ ምልክቶች ከ1964 ጋር አይጣሉም። ጃዝ ቤዝ በ1960 ሲወጣ መቆጣጠሪያዎቹ ሁለት ሆነው እያንዳንዳቸው አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ነበሩ፤ ሦስት የሆኑት በ1962 ገደማ ነው። የሸክላ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦችም እስከ 1964 መጨረሻ አካባቢ ቆይተው ከዚያ በኋላ በሚያብረቀርቁ ተተክተዋል። ይሁን እንጂ ፌንደር ራሱ ከ1982 ጀምሮ የድሮዎቹን ሞዴሎች በአሜሪካም በጃፓንም አስመስሎ ማምረት ስለጀመረ፣ የእነዚያም የመጀመሪያዎቹ ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸው በራሳቸው ጊዜ ያረጁ ስለሆኑ፣ ከፊት የሚታየው መልክ ማንንም ሊያሳምን አይገባም። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስተካክለው ፎቶ ላይ የሚታየውን ነው።

የአንገት ብረቱን ቁጥር መጨረሻ ላይ ይመልከቱት እንጂ ከእሱ አይጀምሩ። በአራት ብሎን የተያዘ ቁራጭ ብረት ስለሆነ ከአንዱ ጊታር ወደ ሌላው ለማዛወር ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ለብቻውም ይሸጣል። ባልተነካ ጊታር ላይ እንኳ ዓመቱን በግምት እንጂ በትክክል አይናገርም፤ በፉለርተን፣ ካሊፎርኒያ በነበረው ፋብሪካ ብረቶቹ በቁጥር ቅደም ተከተል ሳይሆን እጅ እንዳገኘ እየተነሡ ይገጠሙ ስለነበር የአንዱ ዓመት ቁጥር ከሌላው ዓመት ጋር ይደራረባል። በ«ኤል» የሚጀምሩት በጥቅሉ ከ1962 መጨረሻ እስከ 1965 ያሉትን ይሸፍናሉ። ከዚያ ትልቅ «ኤፍ» የተቀረጸበት ብረት መጣና እስከ 1976 ቆየ።

እኔ የምጀምረው ከአንገቱ ነው። ክሮቹን ያላሉ፣ አራቱን ብሎኖች ይፍቱ፣ አንገቱን ቀስ አድርገው ከኪሱ ያውጡ። ከ1962 ጀምሮ በአንገቱ ተረከዝ ላይ የቀለም ማህተም ይመታ ነበር፤ ፊተኛው አሃዝ የሞዴሉ መለያ ሲሆን ለጃዝ ቤዝ 7፣ ለሌላው የፌንደር ቤዝ ለፕሪሲዥን 5 ነው። ቀጥሎ በሦስት ፊደል ያጠረ የወር ስም፣ ከዚያ የዓመቱ ሁለት አሃዞች፣ በመጨረሻም የአንገቱን ስፋት የሚገልጽ ፊደል ይመጣል። «ኤ» ከሆነ ክሮቹ ከጊታሩ ራስ ወርደው በሚያርፉበት ነት ላይ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ «ሲ» ከሆነ 44 ገደማ ነው። ማህተሙን ካነበቡ በኋላ በካሊፐር ይለኩ፤ ፊደሉና ልኩ ካልተስማሙ ማህተሙን የመታው ሰው ጃዝ ቤዝ ለክቶ አያውቅም ማለት ነው። ቀኑ አንገቱ የተቀረጸበት እንጂ ጊታሩ ተገጣጥሞ ያለቀበት ስላልሆነ ከሌሎቹ ቀኖች ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ቢቀድም ምንም አያስደነግጥም።

የማህተሙን ቀለምም በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። የድሮው ቀለም በእንጨቱ ጭረት ውስጥ ሰርጎ ጠርዙ ደብዝዟል። አዲስ ማህተም ግን ብዙውን ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ፣ ከዙሪያው ይልቅ ነጣ ካለ እንጨት ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። እዚያው እያሉ የጣት ሰሌዳውን ጫፍ ከጎን ይመልከቱ፤ ከ1959 እስከ 1962 አጋማሽ የነበረው ሮዝውድ የተባለው የሰሌዳው እንጨት ከሥሩ ጠፍጣፋና ወፍራም ሲሆን በ1964 መሆን ያለበት ግን ቀጭንና ከሥሩ ቀስት የሠራ ነው። አራቱ የብሎን ቀዳዳዎች ተደፍነው እንደገና ከተበሱ ይህ አንገት ከዚህ ገላ ጋር አልተወለደም።

ቀጥሎ መቆጣጠሪያ ቁልፎቹ የተገጠሙበትን የብረት ሳህን አንሥተው የሦስቱን ፖቶች (ከቁልፎቹ ሥር ያሉትን የድምፅ መቆጣጠሪያ ክፍሎች) ጀርባ ያንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የአምራቹ መለያ ናቸው፤ 304 ስታክፖል፣ 137 ሲቲኤስ ነው። የሚቀጥሉት ሁለቱ ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን ያመለክታሉ። ለምሳሌ 304 6415 የሚል ካገኙ በ1964 አሥራ አምስተኛው ሳምንት በስታክፖል የተሠራ ፖት ነው። ፖቱ የሚነግርዎት ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት ሊሠራ እንደማይችል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደተሠራ አይናገርም። ፌንደር በ1966 እጅግ ብዙ ፖት ገዝቶ ለዓመታት ስለተጠቀመባቸው 1966 የሚል ፖት የያዙ የ1968ና የ1969 ጊታሮች ሞልተዋል።

ፒክአፖቹን (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡትን) ሲገለብጡ ደግሞ ከ1964 የጸደይ ወራት ወዲህ ከሆነ ከሥራቸው ግራጫ ሰሌዳ፣ ከዚያ ቀደም ከሆነ ጥቁር መሆን አለበት። በግራጫው ላይ ብዙውን ጊዜ ቀን ተጽፎ ይገኛል። በቴስተር ሲለኩ እያንዳንዱ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም ካሳየ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በጣም ከራቀ እንደገና ተጠምጥሟል ብለው ይጠርጥሩ።

የማህተሙ፣ የፖቶቹና የፒክአፖቹ ቀኖች በጥቂት ወራት ውስጥ ከተገናኙ ትልቁ ሥራ አልቋል ማለት ነው። አንዱ ብቻውን ሌሎቹን ሲቃረን ግን «በፋብሪካው ያኔ እንዲህም ይሆን ነበር» የሚለውን የሻጭ ማብራሪያ ከመቀበልዎ በፊት የብየዳውን ነጥብ ይመልከቱ። የድሮው የቆርቆሮ ብየዳ የደበዘዘ ግራጫ ሆኖ አቧራ ተጋግሮበታል፤ ገመዱም በጨርቅ የተሸፈነ ነው። የሚያብለጨልጭ ብየዳና በፕላስቲክ የተሸፈነ ገመድ ካዩ እዚያ ቦታ ላይ ሰው ገብቷል።

አልቦ ፍሬት መለሰ፦

ብሎን ፈቺ ስለ ብረቱና ስለ እንጨቱ የጻፉት ትክክል ነው። ዋጋውን ከምንም በላይ የሚወስነው ግን ቀለሙ ስለሆነ እሱ ላይ እጨምራለሁ።

በዚያ ዘመን የላይኛው ቅብ ናይትሮሴሉሎስ ላከር ነበር፤ በ1968 ገደማ ፖሊስተር ገላው ላይ መግባት ጀመረ። ናይትሮ ሲያረጅ ይቀጥናል፣ ይቢጫል፣ በብርድና በሙቀት መፈራረቅም ይሰነጣጠቃል። ስንጥቆቹ በተፈጥሯቸው ሲመጡ አንዳቸው ከአንዳቸው ርቀታቸው ያልተስተካከለ፣ በብሎንና በጠርዝ አካባቢ አቅጣጫቸውን የሚለውጡ ናቸው። በምላጭ የተሠሩት ግን ቀጥ ያሉና ጎን ለጎን የተሰለፉ ስለሆኑ በማጉያ መነጽር ሲታዩ የተቆረጠው ጠርዝ ስለቱን እንደያዘ ነው። መብራት አጥፍተው በአልትራቫዮሌት መብራት ቢያዩት ያረጀ ናይትሮ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላ ፍካት ይሰጣል፤ አዲስ የተቀባ ቦታ ጨልሞ ይታያል። ይህ ፈተና ተወዳጅ ቢሆንም እኔ ብቻውን አላምነውም፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት በናይትሮ እንደገና የተቀባ ጊታርም ዛሬ መፍካት ይጀምራል። ጠቀሜታው የተለጠፈ ጥገናን ማጋለጡ ነው። አንድ እጁ ፈክቶ አንድ እጁ ከጨለመ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል።

ከመብራቱ ይልቅ የምተማመነው በምስማር ቀዳዳዎች ነው። እስከ 1964 አካባቢ ድረስ ገላው ሲቀባ ፊቱ ላይ በተመቱ ትናንሽ ምስማሮች ቆሞ ይደርቅ ነበር፤ ከደረቀ በኋላ ምስማሮቹ ይነቀላሉ። ስለዚህ በፒክጋርዱና በብረት ሳህኑ ሥር የሚያገኟቸው ቀዳዳዎች ውስጣቸው ራቁት እንጨት መሆን አለበት። በቀዳዳው ውስጥ ቀለም ከገባ፣ ወይም ቀዳዳው ከናካቴው ተደፍኖ ከጠፋ፣ ገላው እንደገና ተቀብቷል። በአንገቱ ኪስ ውስጥም በቅብ ጊዜ የእንጨት እጀታ ይታሰርበት ስለነበር እጀታው የሸፈነው ቦታ የላይኛው ቀለም አይደርሰውም። ኪሱ ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀለም ተሸፍኖ ካዩ እሱም ያው ምልክት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የዚያን ጊዜ የኤሊ ቅርፊት መሳይ ፒክጋርድ ሴሉሎይድ ነው፤ ከእውነተኛ ኤሊ ጋር ዝምድና የለውም። ሴሉሎይድ በዓመታት ውስጥ ስለሚኮማተር ብሎኖቹ በቀዳዳቸው ውስጥ ወደ አንድ ወገን ተገፍተው ያዘነብላሉ፤ አንዳንዴም ከብሎኑ ጎን ይሰነጠቃል። ስልሳ ዓመት አልፎት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ልክ በልካቸው የተቀመጡ ፒክጋርድ ሲቀርብልኝ ደስ አይለኝም።

የምሽት መድረክ መለሰ፦

በአክብሮት ልቃወም። አንድ መሣሪያ ለስልሳ ዓመታት ሳይፈታ ቆይቶ ከሆነ እያንዳንዱ ገዢ ብሎኑን እየፈታ፣ ፖቱን እያገላበጠ የሚሄድ ከሆነ ኦሪጅናልነቱን እያጠፋን ነው። ለመሆኑስ ቤዝ የሚገዛው ለመጫወት አይደለም ወይ? ጃዝ ቤዝን ለዓመታት የተጫወተ ሰው በድምፅ ማጉያ ሰክቶ ሁለቱንም ፒክአፕ ሲከፍት የድሮውን ከአዲሱ በጆሮው ይለያል ብዬ አምናለሁ።

ብሎን ፈቺ መለሰ፦

ጆሮ ድምፁ ጥሩ መሆኑን ይነግርዎታል፤ ዓመቱን ግን አይነግርዎትም። የክሩ ዓይነት፣ የክሮቹ ከፍታ፣ የማጉያው ጠባይ ድምፁን ከፒክአፑ ዕድሜ በላይ ስለሚለውጡት፣ ጥሩ ተደርጎ የተሠራ የ1982 ቅጂ ደካማ የ1964 ቤዝን በጭፍን ውድድር ቢያሸንፍ አይገርመኝም። እዚህ የተጠየቀው ደግሞ ለድምፅ ሳይሆን ለዘመን የሚከፈል ገንዘብ ነው።

ስለ መፍታቱ ያሉት ግን ግማሹ ልክ ነው። ብሎን መፍታት ጉዳት የለውም፤ የብየዳ ካውያ መለኮስ ግን ጉዳት አለው። ማንም ሰው ፖቱን ለማንበብ ብሎ ብየዳ እንዳይነካ፤ ሳህኑን አንሥቶ በመስታወትና በትንሽ ባትሪ ማንበብ ይቻላል። መፍቻው የብሎኑን ራስ በልኩ የሚሞላ ይሁን፤ ራሱ የተላጠ ብሎን ብቻውን የዋጋ መከራከሪያ ይሆናል።

አጭር ስኬል ጠየቀ፦

ይህ ሁሉ ስለ ፌንደር ነው። ሌላው አምራች ጊብሰን ላይስ እንዲሁ ይሠራል? በ1961 የወጣው ኢቢ 3 እና በ1963 የወጣው ተንደርበርድ በተባሉት ቤዞቹ ላይ ዓይኔን ጥያለሁ።

አልቦ ፍሬት መለሰ፦

አንገቱ በብሎን ስላልተያዘና ተጣብቆ ወይም ከገላው ጋር አንድ ሆኖ ስለተሠራ የአንገት ማህተም የሚባል ነገር አይፈልጉ። የመለያ ቁጥሩም ብዙ አያግዝም፤ ጊብሰን በ1960ዎቹ አንድን ቁጥር በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ ስለተጠቀመበት ተመሳሳይ ቁጥር የያዙ ሁለት ሦስት መሣሪያዎች አሉ። የፖት ቁጥሮች እዚህ የበለጠ ይረዳሉ። ከጊታሩ ራስ ጀርባ ላይ በአሜሪካ መሠራቱን የሚናገር ማህተም ካለበት ደግሞ 1970 ወይም ከዚያ በኋላ ነው።

ጊብሰን ላይ ዋናው ፍተሻ የጊታሩ ራስ፣ ማለትም ክሮቹ የሚታሰሩበት ጫፍ ነው። ማሆጋኒ ለስላሳ እንጨት ነው፤ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ጊታሩ በጀርባው ከወደቀ ብዙ ጊዜ ከነቱ ጀርባ ይሰበራል። በጥሩ እጅ ከተጣበቀ ለመጫወት ምንም አይለው ይሆናል፤ ዋጋው ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጥገናውን ለመደበቅ ቦታው እንደገና ስለሚቀባ ከላይ የጠቀስኩት መብራት ሙያውን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ተንደርበርድ ደግሞ በ1965 ቅርጹ ተገልብጦ እንደገና ስለተነደፈ የፊተኛውና የኋለኛው በዋጋ በጣም ይራራቃሉ፤ ሻጩ «ስልሳዎቹ» ብሎ ብቻ ካለፈ የትኛው እንደሆነ ያስመልክትዎት።

ዝቅ ያለ ድምፅ ጻፈ፦

ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ሻጩ ባለበት ፈትቼ ያገኘሁት ይህ ነው።

የአንገቱ ማህተም 7 ብሎ ይጀምርና የሰኔን ወር አህጽሮት፣ 64 እና «ኤ»ን ይከተላል። ነቱ ላይ ስለካው 38 ሚሊ ሜትር ሆነ። ቀለሙ ሰርጓል፣ ዙሪያው አልተፋቀም፤ የሮዝውዱ ጫፍ ቀጭንና ቀስት የሠራ ነው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹም ያልተነኩ ይመስላሉ። ሁለቱ ፖቶች 304 ብለው ጀምረው በ1964 ጸደይ የሚወድቁ ሳምንታትን ያሳያሉ። ሦስተኛው፣ የቶኑ (የድምፁን ቃና የሚለውጠው)፣ 137 ብሎ ይጀምርና ዓመቱ 73 ነው፤ በእሱ ላይ ያለው ብየዳም ከሌሎቹ ይልቅ ያብለጨልጫል። ፒክአፖቹ ከሥራቸው ግራጫ ናቸው፤ 7.3 እና 7.6 ኪሎ ኦም አሳይተዋል።

ችግሩ ገላው ላይ ነው። በፒክጋርዱ ሥር ያገኘሁት የምስማር ቀዳዳ ጠርዙን አልፎ ወደ ውስጥ ቀለም ገብቶበታል፤ ሌላው የት እንደነበረ የሚለየው በቅብ ተሞልቶ በቀረ ትንሽ ጉድጓድ ብቻ ነው። የአንገቱ ኪስም ከዳር እስከ ዳር ተቀብቷል። በመብራቱ ሲታይ ገላው በጣም ደካማ ፍካት አለው፤ አንገቱ ግን በደንብ ይፈካል። ፒክጋርዱ ምንም አልተኮማተረም። ሻጩ ይህን ሁሉ ሲያይ እንደኔው የገረመው መሰለኝ፤ እንደገዛው ለመሸጥ ያሰበ ይመስላል። አሁን ዋጋውን እንዴት ላሰላው?

መዝገብ ያዥ መለሰ፦

በእጅዎ ያለው የ1964 እውነተኛ አንገት፣ ፒክአፕና ሁለት ፖት ያለው፣ ገላው ግን እንደገና የተቀባ ጃዝ ቤዝ ነው። ፎርጅድ አይደለም፤ «ያልተነካ» የሚለው ማስታወቂያ ግን ሊቆም አይችልም።

በድሮ ጊታር ገበያ ለረጅም ጊዜ የቆየው ልማድ እንደገና የተቀባ መሣሪያ ካልተነካው አቻው ግማሽ ገደማ ያወጣል የሚል ነው። ይህ የመነሻ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። በፋብሪካው የተለየ ቀለም ታዝዞ የተሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ሌክ ፕላሲድ ሰማያዊ ወይም ፊየስታ ቀይ፣ ቅናሹ የበለጠ ይከብድ ነበር፤ በእነዚያ ላይ የሚከፈለው ጭማሪ በሙሉ ለቀለሙ ነውና ቀለሙ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ሰንበርስት ግን በጊዜው የተለመደው ቅብ ስለነበር በደንብ ከተቀባ ቅናሹ ከግማሽ ትንሽ ሊያንስ ይችላል። የአንድ ቶን ፖት መቀየር የሚያመጣው ቅናሽ ጥቂት ነው፤ የድሮ ስታክፖል ፖት በዚያው ዘመን ሳምንት ተፈልጎ ሊገኝ ስለሚችል ለማስመለስ የሚወጣውን ያህል ይቀንሱ። የተተካው ፒክጋርድ ግን ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ይመዝናል፤ የዘመኑ ያልተሰነጠቀ ሴሉሎይድ እየጠፋ ስለሄደ ለብቻው ውድ ሆኗል። ፍሬቶቹ (በጣት ሰሌዳው ላይ የተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች) ተቀይረው ቢሆን እንኳ ሥራው ጥሩ እስከሆነ ድረስ አልጨነቅም፤ የተጫወቱበት ጊታር ፍሬቱ ያልቃል።

የምታወዳድሩትን ዋጋ ከየት እንደምታመጡ ግን ተጠንቀቁ። በማስታወቂያ ላይ የሚለጠፈው ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው፤ ለወራት ሳይሸጥ ተለጥፎ የሚቆየውም እሱ ነው። የሚጠቅመው ተሸጦ ያለቀበት ዋጋ ነው፤ እሱም ያልተነካው ካልተነካው፣ የተቀባው ከተቀባው ጋር ሲወዳደር። ፌንደር በጃንዋሪ 1965 በ13 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ለሲቢኤስ በመሸጡ ገበያው ከዚያ በፊት የተሠራውን ሁሉ ከፍ አድርጎ ያያል። እውነቱን ለመናገር በ1965 መጀመሪያ ወራት የወጡት በዚያው እጅ፣ በዚያው ማሽን፣ በመጋዘን በነበረው ዕቃ የተሠሩ ናቸው፤ ሆኖም ገዢው ለዓመቱ ይከፍላል። የእርስዎ ከዚያ በፊት መሆኑ በአንገቱ የተረጋገጠ ስለሆነ ይህ ጭማሪ አይቀነስበትም።

የምሽት መድረክ መለሰ፦

አሁን ደግሞ በተጫዋች ዓይን ልናገር። እንደገና የተቀባ ማለት ለእኔ ዕድል ነው። ያልተነካውን ሰብሳቢው ገዝቶ በሣጥን ይቆልፍበታል፤ የተቀባውን ግን መድረክ ላይ ይዞ መውጣት ይቻላል፣ አንገቱም ፒክአፑም ያው ነው። ክብደቱን ግን ማንም እስካሁን አልጠየቀዎትም። ከአራት ኪሎ ብዙ የማይርቅ ከሆነ ይውሰዱት። የሰባዎቹ አንዳንድ ከአሽ እንጨት የተሠሩ ቤዞች አምስት ኪሎን ያልፋሉ፤ በቀለም ምንም ያልተነኩ ሆነው ሳለ በትከሻ የማይቻሉ በመሆናቸው ብቻ ዋጋቸው የወረደ አይቻለሁ።

መዝገብ ያዥ መለሰ፦

እስማማለሁ፤ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንገቱና ፒክአፖቹ ተነጣጥለው ቢሸጡ ድምራቸው ከሙሉው ቤዝ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ በተለይ ገላው እንደገና የተቀባ ሲሆን። ከዚህም ከዚያም ተሰብስበው የተገጣጠሙ ቤዞች የሚበዙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱ እውነተኛ መሣሪያ ይበተንና ክፍሎቹ ሦስት አራት «ኦሪጅናል» ጊታሮችን ያስጌጣሉ። ስለዚህ ገላው ራሱ የ1964 መሆኑንም ያረጋግጡ። የምስማር ቀዳዳዎቹ መኖራቸው ተደፍነውም ቢሆን በገላው በኩል የሚመሰክሩ ናቸው፤ ዘመናዊ ገላ ላይ ቀዳዳውን ማን ይበሳል? ይበሳሉ የሚሉ አሉ፣ እኔም አይቻለሁ። ያኔ የሚበሳው ግን እንዲታይ ተብሎ ነውና ባዶ እንጨቱን ከፍቶ ይተወዋል፤ የእርስዎ በቀለም የተሞላ መሆኑ ይልቁንስ ለእውነተኛነቱ ይመሰክራል። የፒክአፕ ጉድጓዶቹን ርቀትም ይለኩ፤ በሰባዎቹ ከብሪጁ (ክሮቹ በገላው ላይ ከሚያርፉበት ብረት) በኩል ያለው ፒክአፕ ወደ ብሪጁ ይበልጥ ተጠግቷል፣ በስልሳዎቹ ግን ራቅ ይል ነበር።

አጭር ስኬል ጠየቀ፦

ታዋቂ ሰው የተጫወተበት ከሆነስ? ጥገናው ያኔም ዋጋ ይቀንሳል?

አልቦ ፍሬት መለሰ፦

ያኔ ስሌቱ ይገለበጣል፤ ጥገናው ራሱ ማስረጃ ይሆናል። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ በ30 ፓውንድ ገደማ የገዛው ሆፍነር 500/1 ቤዝ በ1972 ለንደን ውስጥ ተሰርቆ ነበር፤ ተገኝቶ ለባለቤቱ መመለሱ በ2024 ሲነገር ጥገና የሚያስፈልገው ነበር። ስለ ቅቡ ዋጋ ይቀንስ ብሎ የተከራከረ ሰው አልሰማሁም። የታዋቂው ቤዝ ተጫዋች የጃኮ ፓስቶሪየስ የ1962 ጃዝ ቤዝም ፍሬቶቹ የተነቀሉ፣ ጣት ሰሌዳው ኢፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሙጫ የተቀባ፣ በኋላም ተሰባብሮ የተጣበቀ ነው፤ በሰብሳቢ መስፈርት ምንም ኦሪጅናል ነገር ያልቀረው ዕቃ ነበር።

ይህ ግን ሰነድ ሲኖር ብቻ ነው። በዘመኑ የተነሣ ፎቶ ላይ የሚታይ የእንጨት ጭረት፣ ልዩ የሆነ ጠባሳ፣ የሽያጭ ደረሰኝ ያስፈልጋል። «እገሌ ተጫውቶበታል ይባላል» የሚለው ወሬ አንድም ሳንቲም አይጨምርም። ሁለቱም ምሳሌዎች የተሰረቁ ስለነበሩ ደግሞ የሻጩ ባለቤትነት ከየት እንደመጣ መጠየቅ የታዋቂ ሰው ባልሆነ ቤዝ ላይም አይቀርም። የተሰረቀ ዕቃ በቅን ልቦና ቢገዛም ባለቤቱ ሲመጣ ሊወሰድ ይችላል።

ዝቅ ያለ ድምፅ ጻፈ፦

ክብደቱ 4.1 ኪሎ ሆነ። የፒክአፖቹ ርቀትም ከስልሳዎቹ ልክ ጋር ተስማምቷል። ሻጩ ያገኘሁትን ሁሉ ከነፎቶው ስልክለት ቃሉን ቀይሮ «ገላው እንደገና የተቀባ፣ ቶን ፖቱና ፒክጋርዱ የተተኩ» ብሎ ለመጻፍ ፈቅዷል፤ ከተጠራው ዋጋ ከግማሽ በጥቂቱ በሚበልጥ ተቀራርበናል። የቀረን ዕቃው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መሻገሩ ነው።

መዝገብ ያዥ መለሰ፦

እንግዲያው የመጨረሻው ፍተሻ የእንጨቱ ነው። ፌንደር እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ለጣት ሰሌዳ በአብዛኛው የብራዚል ሮዝውድ ይጠቀም ነበር፤ ይህ ዛፍ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚገዛው ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1992 ጀምሮ ጥብቁ በሆነው አንደኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል። በ2019 ከሌሎች የሮዝውድ ዓይነቶች የተሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነጻ ሲደረጉ የብራዚሉ አልተካተተም። በመሆኑም ለሽያጭ ድንበር የሚሻገር ከሆነ መሣሪያው ከ1992 በፊት መሠራቱን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ከላኪው አገር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማውጣት ያስፈልጋል፤ ተቀባዩ አገር የሚጠይቀውንም አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ያነሧቸው የአንገት ማህተምና የፖት ቁጥር ፎቶዎች ዕድሜውን ለማስረዳት እዚያም ያገለግላሉ።

ወረቀቱን ሻጩ ያውጣ ወይስ እርስዎ፣ ወጪው በማን ላይ ይሁን፣ ፈቃዱ ባይገኝስ ቅድሚያ ክፍያው ይመለስ ወይ የሚሉትን ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይስማሙባቸው። እስኪፈቀድም ድረስ ጣት ሰሌዳውን ሳያስነቅሉ፣ አንገቱን ለብቻው ሳይልኩ ይቆዩ፤ ማህተሙና ሮዝውዱ ያሉት እዚያው አንገት ላይ ነውና ተነጥሎ ሲታይ ጉምሩክ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ይበዛል።